«የተለወጠ ነገር የለም» ብዬ ፈረምኩ

እህቴን የሺን ጥርሷን መጀመሪያ ያመማት በኒቆዲሞስ ሳምንት ነው፤ ዓቢይ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። በቀኝ በኩል፣ ታች፣ ከመጨረሻው የሚቀድመው መንጋጋ። ቀዝቃዛ ውኃ ተጎንጭታ ፊቷን ስታጨማድድ አየኋትና «ምን ሆንሽ?» ስላት «ብርድ ነው» አለችኝ። በእኛ ደጋ ከተማ፣ ዘመሮ ላይ፣ ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ጉልበት ቢያም ብርድ፣ ሆድ ቢቆርጥ ብርድ፤ ትዳር ቢፈርስ እንኳ ብርድ ገብቶበት ነው የሚል አይጠፋም። እኔም ብርድ ነው ብዬ ተውኩት።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ላላቸውና ጥርስ ማስነቀል ለገጠማቸው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ተክሌ እባላለሁ፤ በወረዳው ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሳስገባና ሳወጣ ኖሬያለሁ። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ከሰው ቃል አስበልጬ የማምን ሰው ነኝ፤ ይህ ጠባዬ ምን እንዳመጣብን ወደፊት እነግራችኋለሁ። የሺ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ትኖራለች። የበግ ጸጉር ትፈትላለች፤ ፈትሏ ቀጭንና እኩል ስለሆነ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔዎች ገና ከእንዝርቱ ሳይወርድ ያዝዙታል።

በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፤ መገጣጠሚያዋም ያብጥ ነበር። ለካ ያ ሕመም ቀስ በቀስ ልቧ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። ከስድስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ደረቷ ተከፍቶ አንዱ የልቧ ቫልቭ በሰው ሠራሽ ተተካ። ቤቱ ጸጥ ሲል የቫልቩ ድምፅ ይሰማል፤ እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። እንዲህ ያለ ቫልቭ ላይ ደም መርጋት ስለሚወድ፣ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል ምርመራ ነው። ለእሷ የታዘዘላት ከሁለት ነጥብ አምስት እስከ ሦስት ነጥብ አምስት ነው። ከዚያ ከወረደ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከዚያ ካለፈ ደም መፍሰስ ይመጣል። ምርመራው ያለው ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው። በየወሩ እንሄዳለን። በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፍሬውን በእጄ እሰጣታለሁ፤ ስትውጠው አይቼ ደብተሬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። በዚህም እኮራ ነበር።

የሺ ትጾማለች። የነፍስ አባታችን መምሬ ጌታሁን «በሽታሽ ራሱ ጾም ነው፤ ፈትቼሻለሁ» ቢሏት «መምሬ፣ ልቤን ቀየሩት እንጂ ሃይማኖቴን አልቀየሩት» ብላ እምቢ ያለች ናት። ሽሮ ያቃጥለኛል ስለምትል የጾም ምግቧ ጎመን ነው። ከጓሯችን በእጣቢ ውኃ ያሳደገችው አንድ መደብ ጎመን አለ፤ ውርጭ እንዳይመታው በጆንያ እየሸፈነች እንደ ልጅ ትንከባከበዋለች። ሁለት ወር ሙሉ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጎመን፣ ማታም ጎመን። ስቀልድባት «ጎመን በጤና» ትለኛለች። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ደብረ ብርሃን ስንሄድ አይ ኤን አሯ ወርዶ ተገኘ፤ የልብ ሐኪሟም መድኃኒቱን ከአንድ ፍሬ ወደ አንድ ተኩል ከፍ አደረጉት። በደብረ ዘይት ሰሞን ስንመለስ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሆነ። ሐኪሙ ደስ አላቸው፤ ማኅተም ተመታ። ያችን ወረቀት አጥፌ በደረት ኪሴ አደረግኋት።

ጥርሱ በሰሙነ ሕማማት ባሰበት። ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ውላ ትመጣና ጉንጯን ይዛ ትቀመጣለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «በዚህ ሳምንት የማን ሕማም እንደሚታሰብ አታውቅም ጋሼ?» አለችኝ። ፋሲካ ደረሰ። ዶሮውን በግራ በኩል እያኘከች ፈታች። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» አለች እየሳቀች፤ አባባሉ የክረምት መውጫ ቢሆንም እሷ ለፋሲካም ታውለዋለች። እንደምታውቁት በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ጎመን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጓሮ ያለው መደብ ቢጫ አበባ አወጣ።

ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ ጉንጯ አበጠ። መድኃኒት ቤት ሄጄ «ለጥርስ» አልኩ። ሜትሮኒዳዞል የሚባል ሰጡኝ። ዋርፋሪን እንደምትወስድ አልነገርኳቸውም፤ አልጠየቁኝም፤ እኔም ስለ ጥርስ እንጂ ስለ ልብ አልሄድኩም ብዬ ነው። እብጠቱ ትንሽ ጎደል አለ፤ ሕመሙ ግን እንቅልፍ ነሳት።

በመሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባዬ «ማቅጠኛውን አምስት ቀን ታቁምና ትነቀል፤ አጎቴ እንዲያ ነው ያደረገው» አለኝ። ይህን እንኳ በራሴ አላደረግኩትም። ደብረ ብርሃን ያሉት የልብ ሐኪሟ ዘንድ ደወልኩ። ጠና ያሉ፣ ቃላቸውን የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። «ለአንድ ጥርስ ብላችሁ ዋርፋሪን አታቁሙ» አሉኝ። «ያ አጎት ቫልቭ የለው ይሆናል፤ የእሷ ይረጋል። ግን ሊነቀል ሲል፣ ከሦስት ቀን ያልበለጠ አይ ኤን አር ይኑራት። ከሦስት ነጥብ አምስት በላይ ከሆነ ጥርሱን ማንም እንዳይነካው።» ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሁለቱንም ቃል ጻፍኩ። የፈጸምኩት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን የደብረ ብርሃን መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄደን ተመለስን። በሁለተኛው ቀን የሺ የመናኸሪያው አጥር ላይ ግንባሯን ደግፋ ስታቃስት አየኋት። የጥርስ ክሊኒክ በሌላ አቅጣጫ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ ላይ አለ ተባልኩ። ወደዚያ ያለው መንገድ ክፍት ነበር። ወረቀት እንደሆነ አለኝ አልኩ።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዝግ ብላ የምትናገር፣ ጥንቁቅ። የየሺን አፍ አይታ «ሥሩ መግል ይዟል፤ መነቀል አለበት» አለች። ቀጥላም አይ ኤን አር ጠየቀችኝ። ወረቀቴን አወጣሁ። አነበበችና መለሰችልኝ።

«ይህ ስድስት ሳምንት ሊሞላው ነው። እኔ የምፈልገው በሦስት ቀን ውስጥ የተሠራ ነው።»

«ዶክተር፣ መንገዱን ያውቁታል። ሁለት ጊዜ ተመልሰናል። መድኃኒቱን እኔ በእጄ ነው የምሰጣት፤ አንድ ቀን አላለፈም። ደብተሬን ላሳይዎት?» ብዬ ደብተሬን ዘረጋሁት።

ደብተሩን አየች። «ከዚህ ወረቀት ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ? የመድኃኒቱ መጠን፣ ሌላ መድኃኒት፣ አመጋገቧ?»

«የተለወጠ ነገር የለም» አልኩ።

የጠየቀችው ስለ የሺ ነው፤ የመለስኩት እኔ ነኝ። የሺ አፏን በነጠላዋ ሸፍና እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዋሽቼ አልነበረም፤ የባሰው ይኸው ነው። ሜትሮኒዳዞሉ ገና ትናንት ነው ያለቀው፤ ያለቀ ነገር አይቆጠርም አልኩ። አመጋገብ ሲባልም ፋሲካ ትዝ አላለኝም። ፋሲካ የአገሩ ሁሉ ነው፤ ማን ለውጥ ብሎ ይጽፈዋል?

ሐኪሟ ደብረ ብርሃን ብትደርሱ ይሻላል ብላ ለመነችን። እኔ ደግሞ እንቢ አልኩ። በመጨረሻ አንድ ቅጽ አመጣችና «ታማሚዋ ታንብበውና ትፈርም» አለች። «በዚህ ሕመም ላይ ምን ታነባለች፤ ለእሷ ያለሁት እኔ ነኝ» ብዬ ብዕሩን ተቀበልኩ። «ከመጨረሻው ምርመራ ወዲህ የተለወጠ ነገር የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባላል። ያን ቀንም አምሮ ነበር።

ጥርሱ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነቀለ። ሐኪሟ ቦታውን ሰፋችው፣ ጎዝ የሚባለውን የቁስል ጨርቅ አስነከሰቻት፣ አንድ ሰዓት አስቀምጣ አየቻት። ደሙ ቆሞ ነበር። «ዛሬ እዚህ ብታድሩ ደስ ይለኛል» አለች። እኔ የስድስት ሰዓቱ መኪና እንዳያመልጠን ሰዓቴን አያለሁ።

መኪናው ከተነሣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው የሺ ክንዴን ነካችኝ።

ነጠላዋን ገልጣ አሳየችኝ። ጥለቱ ድረስ ቀይ ነበር።

ሐኪሟ የሰጠችንን ጎዝ አስነከስኳት። ራሰ። ሌላ። ራሰ። አራት ነበር፤ አራቱም አለቀ። ትተፋለች፤ የሚወጣው እንደ ጉበት የረጋ ነው። የምትውጠው ያስመልሳታል። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዞር ብለው «ልጄን ምን ነካብኝ?» አሉ።

«ጥርስ ተነቅላ ነው፣ አባባ።»

«ጥርስ እንዲህ አይደማም» አሉ።

አንገታቸው ላይ የነበረውን አዲስ ነጭ ፎጣ አውጥተው ሰጡን። የሺ ተቀብላ አፏ ላይ አደረገችው። ሹፌሩ ፍጥነት ጨመረ፤ ሌላ የሚያደርገው አልነበረም። እኔም የምችለው ፎጣውን መያዝ ብቻ ነበር።

ዘመሮ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የጤና መኮንኑ ጓንት አድርጎ ጎዙን በጣቱ ተጭኖ ረጅም ሰዓት ያዘላት። ሲለቅ ይፈሳል። «ቫይታሚን ኬ አለን» አለኝ ወደ ጎን ወስዶ፤ «ግን የልብ ቫልቭ ላለው ሰው ዝም ብዬ ብሰጥ ቫልቩ ላይ ይረጋባታል። ቁጥሩን ሳላውቅ እፈራለሁ።» አምቡላንሱ ምጥ የያዛት እናት ይዞ ሄዷል። ስልኩ ኔትወርክ የለውም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ።

የመድኃኒቷ ሰዓት ነው። ፍሬውን ከነግማሹ በመዳፌ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ብሰጣት ደሙ ይብሳል። ብከለክላት ቫልቩ ይዘጋል። የምጠይቀው ሰው የለም። ስድስት ዓመት ያልተዘለለ ምልክት ያለበት ደብተር በብብቴ ነው። አልሰጠኋትም። ደብተሩ ላይ ባዶ ቦታ ተውኩ። እስኪነጋ መኮንኑና እኔ እየተቀባበልን ስንጫንላት አደርን። እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ፈጥኖ ነበር።

ሲነጋ አምቡላንሱ ደረሰ። መንገዱም በዚያን ዕለት ተከፈተ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ የማመሰግነው እግዚአብሔርን ብቻ ነው። በጓሳ ሜዳ ስናልፍ ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም ነበር። የሺ ከንፈሯ ያን ሣር መስሏል። «ጋሼ፣ በረደኝ» አለች። ካፖርቴን ደረብኩላት። ይህኛው እውነተኛ ብርድ እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል።

ደብረ ብርሃን ገብተን ደሟ ሲመረመር አይ ኤን አሯ ስምንት ነጥብ ሁለት ሆነ።

የልብ ሐኪሟ ወረቀቱን ይዘው መጡ። «ምንድን ነው የተለወጠው?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ። አሁንም።

«ለጥርሱ ምን ሰጣችኋት?»

ሜትሮኒዳዞል አልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። «እሱ ዋርፋሪንን በጣም ያበረታል። ሌላስ? ምን ስትበላ ነበር?»

እኔ ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። የሺ ግን ከአልጋው ላይ ሆና፣ ጎዙን እንደነከሰች፣ በዚያ በተጣበበ አፏ «ፋሲካ ነው፤ ጎመን ትቻለሁ» አለች።

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞሩ። «ስንት ቀን ሆነሽ፣ ልጄ?»

በጣቶቿ አሳየቻቸው። አሥራ ስድስት።

ያን ጊዜ ነገሩን አስረዱኝ። ጎመን ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ፤ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪን ተቃራኒ ነው። በጾሙ ጎመን በየቀኑ ስለምትበላ ነበር አይ ኤን አሯ የወረደው። እሳቸው መድኃኒቱን ከፍ ያደረጉት ለዚያ ጎመን ነበር። ጾም ሲፈታ ጎመኑ ቀረ፤ አንድ ተኩል ፍሬው ግን እኔ በእጄ እየሰጠሁ፣ ምልክት እያደረግኩ፣ ሳላሳልፍ ቀጠለ። ሜትሮኒዳዞሉ በላዩ ተጨመረ። «ያመጣኸው ወረቀት የጾመችውን ሴት ነው የሚያውቃት» አሉኝ። ከፍ ዝቅ አድርገው አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በሁለት ገደል መካከል መሄድ ነበር። ደሙን ለማቆም ቫይታሚን ኬ መስጠት ግድ ነው፤ ከበዛ ግን ቫልቩ ላይ ይረጋል። ጥቂት ሰጧት። ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ፕላዝማ ተሰቀለላት። የጥርስ ክፍሉ ሐኪም መጥቶ ቦታውን እንደገና ሰፋ፤ ደም የሚያቆም ትራኔግዛሚክ አሲድ የሚባል ፈሳሽ በአፏ እንድትይዝ አደረገ። ደም ስጥ ሲሉኝ ሮጬ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ ላደርገው የምችለው አንድ ነገር እሱ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ጎዙ ነጭ ሆኖ ወጣ። ነርሷ ወደ መስኮቱ አንሥታ አሳየችኝ። አለቀስኩ።

አላለቀም ነበር። አይ ኤን አሯ አሁን አንድ ነጥብ አራት ሆኗል። ዋርፋሪን እንደገና ተጀመረላት፤ እሱ እስኪይዝ ደሙ እንዳይረጋ ሄፓሪን የሚባል መርፌ ታዘዘ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አጥሚት ይዤላት ገባሁ። ኩባያውን ተቀበለችኝ። ወደቀ። አንሥቼ ሰጠኋት። እንደገና ወደቀ።

ቀኝ እጇን አየችው።

«የሺ?»

መለሰችልኝ፤ ቃሉ ግን ቃል አልነበረም። ከንፈሯ በአንድ በኩል ዘምሟል።

ጮኽኩ። ሮጠው መጡ። ሲቲ ስካን ተነሣች፤ ደም የፈሰሰበት የለም፤ ከቫልቩ የተነሣ ትንሽ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላቷ ሄዶ ነው ተባለ። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ምንም አልጸለይኩም። መጸለይም ጠፋኝ። ደብተሬን አውጥቼ ያን ባዶ ቦታ ሳየው ቆየሁ።

ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ንግግሯ ተመለሰ። መጀመሪያ የተናገረችው «አጥሚቱን ማን ጠረገው?» የሚል ነበር፤ ነርሶቹ ሳቁ፣ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። በማግስቱ ክንዷ፣ በሦስተኛው ቀን አራቱ ጣቶቿ ተመለሱ። አውራ ጣቷ ግን እንደ ሌሎቹ አልታዘዝ አለ፤ ይታጠፋል፣ ጥብቅ አድርጎ መያዝ ግን እንቢ ይላል። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሆስፒታል የቆየነው ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዘገምተኛ ነበር፤ በየሦስት ቀኑ፣ ኋላም በየሳምንቱ ደሟ እየተለካ፣ መድኃኒቷ በሩብ ፍሬ እየጨመረና እየቀነሰ፣ ደብረ ብርሃን አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ቤት ተጠግተን፣ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ መንገዱን ከማበላሸቱ በፊት ወደ ቤታችን ተመለስን። መምሬ ጌታሁን ሊጠይቋት መጡ። ነገሩን ስነግራቸው «እኔ እኮ ጾሙን ነው የፈታሁላት፤ ጾም መፍታትም ለሐኪም የሚነገር ነገር መሆኑን ማን አወቀ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ቤታችን ድረስ መጥተው «ለሐኪሙ ደውላችኋል?» ይሉናል።

የሺ እንዝርቷን ያነሣችው በሐምሌ ነው። አውራ ጣቷ ስለማይዝላት በጠቋሚና በመካከለኛ ጣቷ መፍተል ተለማመደች። የመጀመሪያው ፈትል እዚህ ወፍሮ እዚያ ቀጥኖ ወጣ። ሸማኔው አይቶ ምንም ሳይል ወሰደው፤ ሌላ ጊዜ ግን እንዲህ ያለውን ይመልስ እንደነበር እናውቃለን። እሱ ከወጣ በኋላ ስለዚያ ቅጽ ነገርኳት። እስከዚያች ቀን ምን እንደፈረምኩ አታውቅም ነበር። እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ምንም አልተለወጠም ብለህ ጻፍክ?»

«አዎ።»

«እኔ እዚያው ተቀምጬ?»

«አዎ፣ የሺ።»

«ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር» አለች። «ጎመኑን የዘራሁት እኔ፣ የተውኩትም እኔ። ሐኪሟ ዞር ብላ እኔን ብታየኝ እነግራት ነበር። አንተ ፊቷ ቆመህ ከለልከኝ።» ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። በአራተኛው ቀን ወጥ ስትጨልፍልኝ «ከእንግዲህ ስለ እኔ አትፈርም» አለችኝ። እሺ አልኩ።

እንግዲህ ዋርፋሪን ቤታችሁ ካለ የምለምናችሁ ይህን ነው። ለጥርስ ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙት፤ በባልደረባ አጎት ምክርም አታቁሙት፤ የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው። ግን የቆየ ወረቀት ይዛችሁ አትሂዱ፤ መንገድ ቢዘጋባችሁ ለሐኪሙ ደውላችሁ ጥርሱ እስኪነቀል ሕመሙን በምን እንደምታሳልፉት ጠይቁ። መድኃኒት ቤት ለጉንፋንም ሆነ ለጥርስ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል ዋርፋሪን ይሁን። ጎመን የተከለከለ አይደለም፤ ሐኪሙ እንዳሉት ሲበላም ሲቀርም እኩል ይሁን ነው። ጾም ሲገባና ሲወጣ እንደ መድኃኒት ለውጥ ቁጠሩት፤ ደሟን ወይም ደሙን አስለኩ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ሐኪሙ እደሩ ካለ እደሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታማሚው አፍ አለው፤ ቢያብጥም አለው።

ያን ፎጣ የሰጡንን አዛውንት ስማቸውን አልጠየቅንም። ፎጣቸው ታጥቦ ሳጥናችን ውስጥ አለ፤ ያን መኪና በተሳፈርን ቁጥር እንፈልጋቸዋለን። ጣቱ እስኪዝል ደሟን ይዞ ያደረውን የጤና መኮንን፣ ነጩን ጎዝ ያሳየችኝን ነርስ፣ ሳይቆጡ ያስረዱኝን ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዘንድሮ በግራ በኩል ሌላ ጥርስ አመማት። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ሄድን፤ ሦስት ነጥብ ሦስት። በማግስቱ ያችው ወጣት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ደረስን። እንዳየችን ፊቷ ተለወጠ፤ ተነሥታ የየሺን እጅ ያዘች። ወረቀቱን አየች፣ ቀኑን ሁለቴ አነበበች። ከዚያ «ከትናንት ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች።

አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ።

«ጎመን በሳምንት ሦስት ቀን እበላለሁ፤ በፋሲካም አልተውኩም» አለች የሺ። «ለጥርሱ የወሰድኩት ፓራሲታሞል ብቻ ነው። ትናንት ማታ ሩብ ፍሬ ቀንሰውልኛል። ዛሬ እዚህ እናድራለን።» ሐኪሟ አንድ በአንድ ጻፈችና ቅጹን ወደ እሷ ገፋችላት።

የሺ ብዕሩን በጠቋሚና በመካከለኛ ጣቷ ያዘች፤ እንደ እንዝርቱ። ሁለት ጊዜ አመለጣት። ልረዳት አልተነሣሁም። ብዙ ፈጀባት፤ ሐኪሟም ጠበቀቻት። ፊርማው ተንጋዷል፣ አንዱ ፊደል ከመስመሩ ወርዷል። እንዲህ ያለ ፊርማ መዝገብ ቤት ቢመጣብኝ ይስተካከል ብዬ እመልሰው ነበር።